ከ«ቶሎ ውጣ» ዳርቻ ስለተፋቀችው ነጭ መስመር

ለክቡር ኢንጂነር ባልታዛር፣
የባሕር ዳርቻው የተፈጥሮ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና መላው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣ በእንግዳ መቀበያው መደርደሪያ ላይ ገለባ ተሞልታ ደርቃ የቆመችው የባሕር ወፍ እንኳ ሳትቀር፣ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ወፏን ለይቼ ያነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ ደጅ ስጠና ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ፊት የሰጠችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

እኔ በአዜኛ ዳ ሮሻ መንደር የምኖር፣ ዙልሚራ የምባል የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኩስቶዲዮ ዕድሜውን ሙሉ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ማዕበል እየመታው፣ ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ፔርሴብሽ የሚባል የሚበላ የባሕር ፍጥረት እየፈለፈለና እየሸጠ ያኖረኝ ሰው ነው። የምጽፍልዎ ስለ እሱ ሕይወት ነው። ሆኖም ያለ ምስጋና አቤቱታ ማቅረብ ነውር ስለሆነ አስቀድሜ ላመስግን።

አንደኛ፣ «ሰው ያልደረሰባቸው አሥር ዳርቻዎች» የተባለውን ያማረ መጽሔት አሳትመው የእኛን ዳርቻ በቁጥር አንድ ስላስቀመጡልን እግዜር ይስጥልኝ። እኛ አላዋቂዎቹ ቦታውን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ «ቶሎ ውጣ» ስንለው ኖረናል። መጽሔትዎ ግን ስሙ ለጎብኚ ጆሮ ሳይከብድ አልቀረም መሰለኝ፣ «የዝምታ ዳርቻ» ብሎ ክርስትና አነሳው። ከዋናው መንገድ ጀምሮም «ወደ ሰው አልባው ዳርቻ» የሚሉ ስድስት ባለ ቀስት ሰሌዳዎችና የአውቶቡስ ማቆሚያ ተሠርተውልናል። ባለፈው እሑድ ብቻቸውን መሆን የፈለጉ ሰዎች ተሰልፈው ሲወርዱ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። አንዷ ጠጋ ብላ «እማማ፣ እውነት ማንም የማያውቀው ቦታ ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ ከኋላዋ ያሉት አርባ ሰዎች እንዳይሰሙ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማንም አያውቀውም የኔ ልጅ» አልኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ወደ ዳርቻው የሚያስገባው መንገድ በትልቁ ዓለት ሥር የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ መንገዱ ይሰምጣል፣ ከጀርባ ያለውን ገደል ደግሞ ፍየልም አይወጣው። ስለዚህ የመንደራችን ሰው በየዓመቱ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ዋዜማ ዓለቱ ላይ በኖራ አንዲት ነጭ መስመር ይቀባል። ሕጉ አጭር ነው። ኩስቶዲዮ እንደሚለው፣ ውሃው መስመሯን ከነካ ሁለት ሲጋራ የማጨሻ ጊዜ አለህ፤ ሦስተኛውን ዓሣ ያጨስልሃል። ይህችን መስመር ሠራተኞችዎ ሁለት ቀን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው አጠፏት፣ ለእኛም «የተፈጥሮን ገጽታ ስለማበላሸት» የሚል ማስጠንቀቂያ በማኅተም ደረሰን። ዓለቱ አሁን በእውነት ንጹሕ ነው። ሰው ሲሰምጥበት አያሳፍርም።

ሦስተኛ፣ ጡረታ ወጥቶ ቁጭ ያለውን ባለቤቴን ወደ ሥራ ስለመለሱልኝ። በመንደራችን ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ታች የታገደ ሰው ያየ ሁሉ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል፤ ፉጨቱን የሰማ ባለ ገመድ የጎረሰውን ሳይውጥ ገደሉን ወርዶ ሊያወጣው ይነሳል። ድሮ ባለ ገመዱ ብዙ ነበር። ዛሬ ጎበዞቹ ወደ ከተማ ሄደው የቀረው የኩስቶዲዮ ገመድ ብቻ ነው። ኩስቶዲዮ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ልቡም የምትሠራው በኪኒን ነው። መስመሯ ከተፋቀች ወዲህ አሥራ አንድ ሰው አውጥቷል።

አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ባለፈው ሐሙስ የወጡት ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየው የጠጣውን ጨዋማ ውሃ ተፍቶ ሳይጨርስ «ጫማዬ ታች ቀረ» አለ። ኩስቶዲዮም «አይዞዎት ጌታዬ፣ ባሕሩ ለክቶ ካልሆነው ይመልስልዎታል» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ነው ሦስት ጎድኑ መሰበሩን ያወቀው። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ሁለተኛ ያንን ገመድ ብትነካ ለቀብርህ ነው» ብሎ በግልጽ ነገረው። ቤት ስንደርስ «ታዲያ ፉጨት እየሰማሁ ሾርባዬን ልጠጣ?» አለኝ። «ጠጣ! አንቆህም ቢሆን ይውረድ፣ ብቻ ተቀምጠህ ጠጣ!» ብዬ ጮኽኩበት። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራችን እንዲያ ጮኼበት አላውቅም። ክቡርነትዎ፣ እፈራለሁ። ምሳ ስንበላ የማየው አፉን ሳይሆን ጆሮውን ነው።

መስመሯ ትመለስልን ብዬ ላቀረብኩት ማመልከቻ በመጀመሪያ «በሂደት ላይ ነው»፣ ቀጥሎ «አሁንም በሂደት ላይ ነው»፣ በመጨረሻም «በአካባቢው ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠናል» የሚል መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ባሕሩ ጥናቱ እስኪያልቅ እንዲታገሥ ነግሬው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

አራተኛውን ላነሳው አልፈልግም ነበር። ነገር ግን የራሴን ደብቄ የሰው ጥፋት ብዘረዝር እግዚአብሔርም አይወደውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከመሥሪያ ቤትዎ ወይዘሮ ኦዴት የተባሉ ባለሙያ ጫማቸው ርሶ፣ ደብተራቸውን ታቅፈው ደጄ መጡ። ማንም የማይሄድበት ዳርቻ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አስገባኋቸው፣ የዓሣ ሾርባ ከነዳቦው አቀረብኩላቸው። ሾርባዬን አመሰገኑ፣ ቤቴን አመሰገኑ፣ እኔም እንደ ሊጥ ኩፍ አልኩ። ከዚያማ ምን ልበልዎ፤ ሁሉን ዘረገፍኩት። አፋፉ ድረስ ይዣቸው ሄጄ በጣቴ አሳየኋቸው። ስሙን ነገርኳቸው፣ መስመሯን ነገርኳቸው፣ ሁለቱን ሲጋራም ነገርኳቸው፤ ሲጽፉት በዓይኔ አይቻለሁ። መጽሔቱ ሲወጣ ግን የአሸዋው ቀለም አለ፣ ዝምታው አለ፣ «እንግዳ ተቀባዩ የመንደሩ ሕዝብ» ተብሎ ሾርባዬ እንኳ አለ። መስመሯ የለችም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያን ቀን ምነው ምላሴን በቆረጠው! ማን እንደነገራቸው ኩስቶዲዮ እስከ ዛሬ አያውቅም። «የትኛው ወሬኛ ይሆን የጠቆማቸው?» እያለ ሲራገም እኔ ሳህን አጥባለሁ።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ጨረቃዋ ትሞላለች፤ የዓመቱ ትልቁ የባሕር ሙላት ያን ቀን ነው። ሰባት አውቶቡስ እንደሚመጣም ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፏል። አዲስ ሰሌዳ አልጠይቅዎትም፣ ጠባቂ አልጠይቅዎትም፣ መጽሔቱንም አይቅደዱት። የምለምንዎ በኖራ የተቀባች፣ ከክንዴ የማትረዝም አንዲት መስመር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ሰዎቹ እየሳቁ ነው የሚወርዱት፣ እነሱን ሊያወጣ የሚወርደውም የኔ ሰው ነው። በእግርዎ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ባሌን አይውሰዱብኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለመጽሔትዎ ሁለተኛ ዕትም ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ባሕር የማይደርስበት ከፍ ያለ ወንበር እየተመኘሁ፣ የዚህን ደብዳቤ አንዱን ግልባጭ ለእርስዎ፣ አንዱን ለወፏ ልኬ፣ አንዱንም በመንደራችን ዳቦ ቤት በር ላይ ለጥፌያለሁ።

አክባሪዎ፣
ያቺው ወሬኛ፣ ዙልሚራ

ማሳሰቢያ፦ ከላይ የለመንኩዎትን መልሱን ሳልጠብቅ ፈጽሜዋለሁ፤ ዛሬ ማለዳ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻዬን ወርጄ መስመሯን ቀብቻታለሁ። በአንድ እጄ ዓለቱን ይዤ ስለቀባኋት ትንሽ ጠማማ ናት። ከዚያም ኩስቶዲዮ ጎድኑን ሊታይ ሐኪም ዘንድ እንደሄደ፣ ገመዱን በዓሣ ቢላዋ ቆራርጬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ በሩ ላይ ያነበዋል፤ ይጣላኝ፣ እየኖረ ይጣላኝ። ሠራተኞችዎ መስመሯን ሊፍቁ ሲመጡ ግን እባክዎ አንድ ነገር አደራ ይበሉልኝ፤ ብሩሹን ከማንሳታቸው በፊት ውሃው የት እንደደረሰ ይመልከቱ። ከእንግዲህ ቢፏጭም የሚወርድላቸው ሰው የለም።