ለሰናይት ያልሰጠኋት ወፍ

የበረከት አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ይህን በዕለት ማስታወሻዬ ላይ፣ ከበቆሎ ዋጋ ሥር እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳውን ጣሪያ አስቀይሬዋለሁ። በረከት ሐዋሳ ሥራ ይዟል፤ እሁድ ከጸሎት ስወጣ ይደውልልኛል። በዴሳ ገበያ እህል ልገዛ አሁንም ራሴ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ አብራህ ታስተምር የነበረችው ሰናይት መጣች። የሳልካቸውን ወፎች ለኤግዚቢሽን ፈልጋቸዋለች። ከፍቼው የማላውቀውን የሥዕል ሣጥንህን አወጣሁላት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታቸው ስለ አንተ ታወራልኝ ጀመር፤ ለእኔ፣ ስለ ባሌ። ድሮ በባሕር ማዶ ሠዓሊዎች በመርከብ የመጣ የደረቀ የወፍ ቆዳ እያዩ ይስሉ እንደነበር፣ ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ከታተመ በኋላ እያንዳንዱ ወረቀት በእጅ ቀለም ይቀባ እንደነበር ነግረሃታል። የእነዚያን ኅትመቶች ቅጂ ቢሮህ ለጥፈህ፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ አቋቋሙ ግን የሞተ ወፍ ነው እያልክ ትስቅ ነበር አለችኝ። እኔ ያንን ሳቅ አላውቀውም።

እውነት ነው፣ ወፍ እህል ይለቅማል፣ የነጋዴ ጠላት ነው ብዬህ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩህ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወፍ ለእኔ ትንፍሽ አላልክም፤ ለእሷ ግን ይኸው፣ ሁሉን አውርተሃል። ልጅቷ ደግሞ ትሑት ናት። እሷን የምጠላበት ምክንያት ሳጣ ይበልጥ ተናደድኩ።

ከሥዕሎቹ አንዱን አነሳች። ትንሽ ግራጫ ወፍ ናት፤ ከእግሯ ሥር ቀይ መስመር ይታያል።

"እትዬ፣ ይሄ ቀዩ ምንድነው? እሱን ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ።"

አየሁት። የጆንያዬ አፍ ነው። እህሌ ከሌላ ሰው እህል ጋር እንዳይቀላቀል በዴሳ ገበያ ላይ ጆንያ በቀይ ክር የምሰፋው እኔ ብቻ ነኝ። ለካ እኔ ከገበሬ ጋር ዋጋ ስከራከር፣ አንተ ጆንያ የምትጠብቅልኝ ሲመስለኝ፣ ቁጭ ብለህ ትስል ኖሯል። ቸኩዬ ያጣመምኩትን ስፌት እንኳ አልዘለልከውም።

"እንጃ" አልኳት።

ሌሎቹን አስፈርሜ ሰጠኋት። ይቺን ግን፣ ለፖስተር የምትሆነው እሷ ናት ብላ ብትለምነኝም፣ አልሰጠኋትም። መጋዘኑ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ በመስታወት አስገጥሜ ሰቅያታለሁ። ደንበኞች ምን ወፍ ናት ይሉኛል። ስሟን አላውቅም። ሰናይት ታውቅ ይሆናል፤ አልጠይቃትም። እስካለሁ ድረስ አንተን የማስታውስህ በስፌቱ ነው።