ቡናማ ሸራ የለበሰችው መኪናና የአቶ ባምላኩ ገብረሰንበት ሕይወት

ሐምሌ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ የሰፈሩ እድር በተሰበሰበበት፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ክንዱ ቢራራ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጣታቸውን ወደ አቶ ባምላኩ ገብረሰንበት ቀሰሩና «አንተ! የለቀስተኛ ድንኳን ቀደህ ለቆርቆሮህ ቀሚስ ታሰፋለህ?» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቀ ራሱን ያውቃል፤ ዛሬም እዚሁ ለቅሶው ላይ ቆሟል። የአቶ ባምላኩ ታናሽ ወንድም አለበል «ኧረ እግዜርን ፍሩ!» ብሎ ቢነሣ «አንተ ደግሞ ተቀመጥ፣ መኪና ገፊ!» ተባለ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ያው መኪና ገፊ ነው። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ስለሆነ ቃል ቢጣመምበት ይታለፍለት፤ ነገሩ ግን አልተጣመመም።

አቶ ባምላኩ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሰንበት ዋሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ማርያም ተሰማ በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. ከጅጋ ወረድ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ከደብሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አባታቸው ዲያቆን ይሆንልኛል ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን ዳዊቱን እንደያዙ ጆሯቸው አስፋልቱ ላይ ነበር። ቡሬ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በጭነት መኪና ረዳትነት ዓመታት ለፍተው፣ በ1983 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ አምለሰት ደጀኔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው መስከረምንና ክንፈሚካኤልን አፍርተዋል።

በ2001 ዓ.ም. ቡሬ አጠገብ የአንድ ሽማግሌ ወፍጮ ሊጠግኑ ሄደው፣ ከጎተራው ጀርባ ዶሮ የታቀፈችባት ክፍት መኪና አዩ። እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ የስፖርት መኪና ናት። በንጉሡ ዘመን አንድ የመንገድ መሐንዲስ ጥሏት ወደ አገሩ ገብቶ ኖሯል። ሽማግሌው «ብረቱን ውሰደው፤ ዶሮዋን ግን እንዳትነካብኝ» ብለው መረቁላቸው። አለበል እየገፋ፣ እሳቸው መሪ እየያዙ አስፋልት አወጧት። መኪና ገፊ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ዓመታት ፈጀችባቸው። ወለሏን ዝገት በልቶት ስለነበር በበርሜል ላሜራ ሠሩላት። የራሷ ሞተር ነፍስ ስላልነበረው ከተገለበጠ ቶዮታ ኮሮላ ሞተርና ካምቢዮ አውጥተው ገጠሙላት። የፊት ፍሬኗን ወደ ዲስክ ለወጡ፤ የአገራችን ድንጋይ ሆዷን እንዳይፍቃት ከፍ አደረጓት። አረንጓዴ ቀለም ቀቧት። መሪዋን ወደ ግራ እንዲያዞሩ ስንቱ ቢመክራቸው «እንደ ተፈጠረች ትሁን» ብለው እንቢ አሉ። የቀራት ጣሪያ ብቻ ነበር። ለእሱም ከዱርቤቴ ገበያ የጭነት መኪና ሸራ ገዝተው፣ ልክ አስወስደው፣ የሚታጠፍና የሚዘረጋ አድርገው አሰፉላት። ሸራው ቡናማ ነበር።

መከራው እዚህ ላይ መጣ። የእድሩም ድንኳን ቡናማ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የድንኳኑ ብረት ተሰብሮ ከነሸራው ወደ ጋራዡ መጣ፤ አቶ ባምላኩ በይደው መለሱ። ድንኳኑ ሲዘረጋ አንዱ የጎን ሸራ ጠፋ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ አዲስ ቡናማ ጣሪያ የለበሰች መኪና ቆማለች። ጠያቂ የለ፣ መርማሪ የለ፤ ከላይ የተጻፈው ስድብ ተሰደበ፤ በዚያው ቀን አቶ ባምላኩ ከእድር ተሰረዙ።

ከእድር የተሰረዘ ሰው ምን እንደሆነ ለዚህ ለቀስተኛ አይነገርም። ደንበኛ ሸሸ። መኪናዋ በመንገድ ስታልፍ ልጆች «ቀሚስ! ቀሚስ!» እያሉ ይሮጡባታል። የእድሩ ሰዎች ሽማግሌ እየላኩ «ካሳ ክፈልና ተመለስ» ሲሏቸው «በሕዝብ ፊት የወሰዱትን ስሜን በሕዝብ ፊት ይመልሱልኝ፤ ሌላ አልሻም» ነበር መልሳቸው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዝናቡ ባየለበት፣ መንገድ ተዘግቶ ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን፣ አቶ ክንዱ ማለዳ መጥተው የጋራዡን በር አንኳኩ። በስብሰባው «አንተ» ያሉትን ሰው ያን ቀን «አያ ባምላኩ፣ በእናቴ በወለተ ጊዮርጊስ ይሁንብዎ፣ ልትሞትብኝ ነው፣ የሚሄድልኝ ሾፌር አጣሁ» አሉ። ወ/ሮ አምለሰት ከውስጥ ሰምተው ወጡ። «አይሄዱም! የሌባ መኪና የጨዋ እናት አትጭንም ይበሏቸው!» አቶ ባምላኩ በበርሜል ቂጥ የቀረችውን ቤንዚን ቀዱ፣ አቶ ክንዱን ከጎናቸው አስቀመጡ፣ ወጡ።

እናቲቱ ያሉበት ገጠር ከጅጋ ወዲያ ነው፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ከእናቲቱ ግቢ ሲደርሱ ዝናቡ ትንፋሽ አይሰጥም። አቶ ባምላኩ ከመኪናዋ ሲወርዱ ዓይናቸው የገለባ ክምር ላይ አረፈ። ክምሩን ዝናብ እንዳይመታው ቡናማ ሸራ ተደፍቶበታል፤ በሸራው ጠርዝ በነጭ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፏል። አቶ ክንዱ በግንቦት 2014 የአባታቸውን ተዝካር ሲያወጡ የእድሩን ድንኳን እዚያ ወስደው ተክለው ነበር። አንዱን የጎን ሸራ ሳያነሡ ቀርተው ነው፣ ሁለት ወር ቆይተው ሰው የሰደቡት። ያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ሸራውን አዩ፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። አቶ ክንዱ ዓይናቸውን ሰበሩ።

አቶ ባምላኩ አሮጊቷን አቅፈው መኪናዋ ውስጥ አስቀመጧቸው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነውና እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው እንኳ «ልጄ፣ መሬት ላይ አስቀምጠህ ልትጎትተኝ ነው?» አሉ። ሦስተኛ ወንበር የለም። አቶ ክንዱ ዝናቡ ላይ ቀሩ። ሲመለሱ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ደራሽ ግንድ ይዞ ይወርዳል። አቶ ባምላኩ ጎማው እየተንሳፈፈባቸው፣ በበርሜል ላሜራው ሥር ውኃው እያንኳኳ፣ መሪውን ጨምቀው፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ሳይለቁ ተሻገሩ። ሆስፒታል ሲደርሱ አሮጊቷ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም። ሌባ ያስባለው ጣሪያ ነው ያደረቃቸው። እማማ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ከዚሁ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

አቶ ባምላኩ ያዩትን ለባለቤታቸው ብቻ ነገሩ። «ተናግሬ ስሜን ባስመልስ እኔው ለራሴ መሰከርኩ ይባላል፤ ያጠፋው ይናገር» አሉ። አቶ ክንዱም አልተናገሩም። የገለባው ሸራ እስከ ዛሬ ለእድሩ አልተመለሰም።

አቶ ባምላኩ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም አልፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና አንዲት አረንጓዴ መኪና ትተው ሄደዋል። ይህን ድንኳን የተከሉት የጅጋ ዘመዶቻቸው ናቸው። አስከሬናቸውን የተሸከሙት የመናኸሪያው ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። የሰፈራቸው እድር አይደለም። በምድር ስማቸው የተሰረዘባቸውን፣ ስም በማይሰረዝበት መዝገብ አምላክ ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።

አንድ ነገር ይቀራል። በጥቅምት፣ አቶ ባምላኩ ገና በእግራቸው ሲሄዱ፣ አቶ ክንዱ ጋራዥ መጡ። አለበል ጎማ እየፈታ ነበር። አቶ ክንዱ ድምፃቸውን ቀንሰው «ባምላኩ፣ ሕመሙ እንደጸናብህ ሰማሁ። ካሳውን ራሴ ከፍዬ ወደ እድር ልመልስህ፤ በወግ በማዕረግ ትቀበራለህ። የዚያችን የሸራ ነገር ብቻ ይዘሃት ሂድ» አሉ።

አቶ ባምላኩ የመኪናዋን ጣሪያ እየወለወሉ ነበር። ጨርቁን ጨምቀው በሩ ላይ ሰቀሉት። ሸራውን ቀስ አድርገው እስከ ጠርዙ ዘረጉትና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። ከዚያ አቶ ክንዱን ቀና ብለው አዩአቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉ፤ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።