ከብስባሹ ክምር የተለቀሙ ሥሮች

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከወንበር የምትነሣው ጠረጴዛውን ተመርኩዘህ ነው? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ትንሿስ ጥርስ በቀለላት ወይስ ገና በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

የእማዬን ማረፍ በስልክ የነገርከኝ ዕለት «እሺ፤ አንተስ በልተሃል?» ማለቴን አልረሳሁትም። አንተም አልረሳኸውም፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። ባለፈው ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። «እህቴ ልቧ ድንጋይ ሆኗል፤ ለእሷ ብዬ የእማዬን ክፍል ዘግቼ አልቀመጥም» ማለትህን፣ ዕቃዋን አከፋፍለህ ክፍሉን ልታከራየው መሆኑን ነገረችኝ። መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልመጣልኝም። እንባውም እንደዚያው ነው። ሁለመናዬ እንደ ተኙበት እጅ ደንዝዟል።

ስለዚህ ስለ ሥራዬ ልጻፍልህ። የምሠራው ችግኝ በሚፈላበት ግቢ ነው። በእኔ እጅ ያለው ተክል በርኔት ይባላል። ከጽጌረዳ ወገን ነው ይላሉ፤ ግን እንደ አንዳንድ ዘመዶቻችን ነው፣ ካልነገሩህ ዝምድናውን አትጠረጥርም። እሾህ የለው፣ መዓዛ የለው። የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። አበባው የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጥቁር ቀይ እንክብል ሆኖ ቀጭን አገዳ ላይ ይቀመጣል። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እማዬ የሚያወሯትን ሳትሰማ «እህ፣ እህ» እንደምትለው።

እርጥብ አፈር ይወዳል፤ ውሃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። ሲያረጅ ነቅለን ጉቶውን በአካፋ እንከፍለውና መሀሉን ጥለን ዳር ዳሩን በየጣሳው እንተክላለን። ብርዱ ሲመጣ ከላይ ያለው ሁሉ ስለሚደርቅ እስከ አፈሩ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ጣሳው አፈር ብቻ የያዘ ይመስላል።

ጉዱ የመጣውም ከዚህ ነው። «ጥድፊያ» የምንለው የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ስሙን ይመስላል። ባዶ ጣሳ ሲቸግረው የእኔን በሙሉ ብስባሹ ክምር ላይ ገለበጠው። ከምሳ ስመለስ ጣሳዎቹ ታጥበው ተደርድረዋል፤ እሱም ምስጋና እየጠበቀ «አጠብኩልሽ» አለኝ። አልጮህኩበትም። ክምሩ ውስጥ እጄን ሰድጄ ሥሮቹን ለቀምኩና መልሼ ተከልኳቸው።

ሙቀቱ ሲመለስ የሌላው ሰው ተክል ሁሉ አቆጠቆጠ፤ የእኔ ዝም አለ። አለቃችን መጥታ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰካችና፣ ሞተዋል፣ ቦታ አትያዥባቸው አለችኝ። ሰው ለምኜ የማላውቅ እኔ ለመንኳት። ይህ ተክል እንቅልፋም ነው፣ ሁሉም ከተነሣ በኋላ ነው የሚነሣው፣ ትንሽ ታገሽኝ አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ለእናቴ ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ለጣሳ አፈር ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አፈርኩ። እሷም እያጉረመረመች ተወችልኝ።

በዚህ ሳምንት አፈሩን ገፍቶ ቀላ ያለ፣ የተጣጠፈ ቅጠል ወጣ። ሁሉም አልወጣም፤ ብዙው በስብሷል። ሮጦ የጠራኝ ጥድፊያ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ደስ ያለው እሱን ነው። እኔ አየሁትና ውሃ አጠጣሁት። አላለቀስኩም፤ አልዋሽህም።

ወንድምዓለሜ፣ የእማዬን ክፍል ገና አታከራየው። ዕቃዋን ለፈለግከው ስጥ፤ ነጠላ ጫማዋን ብቻ ከአልጋዋ ሥር አታንሣ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ እመጣለሁ። በሯ ላይ ስቆም ምን እንደምሆን አላውቅም። ምንም ባልሆንም አስገባኝ።

ባለቤትህን ስለ ደወለችልኝ አመስግንልኝ፤ ነገረችብኝ ብለህ እንዳታኮርፋት። ትልቁን ልጅ ቁመቱ እኔን አልፎ እንዳይጠብቀኝ በልልኝ። ትንሿን ድዷን ሳሚልኝ ብላለች ብለህ ለእናቷ ንገራት። የእማዬን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋን፣ እስከ መጨረሻው አጠገቧ ስለነበረች እጅ ነሥተህ ሰላም በልልኝ።

ለአንተ ግን በወረቀት ሰላምታ አልልክም፤ ስልኩን አንሣው። መጀመሪያ የምጠይቅህ በልተህ እንደሆነ ነው። ያን ዕለትም ሌላ ቃል አጥቼ ነበር።

እህትህ
ከችግኙ ግቢ፣ ከመሣሪያ ክፍሉ
ሚያዝያ ፲፪ ቀን