ወይራ ወይስ ዋንዛ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ገብረ ሕይወት

ከልጅዎ ከባንቺዓለም የተላከ ሰላምታ ቢቸና ድረስ ይድረስዎ። ክረምቱን እንደምን አሳለፉት? ጉልበትዎስ፣ ዓይንዎስ፣ እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የማስተምራቸው ልጆችም ፊደል መለየት ጀምረዋል። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም።

በቅሎዋ ጥላው የእንጨት ሰደፉ ተሰነጠቀ ያሉኝን ምንሽር ጠመንጃ ጎረቤታችን ፋንታ በደኅና አድርሶልኛል። «በወይራ አሠሪልኝ፤ ወይራ አይከዳም» ብለው ስለ ላኩብኝ፣ በማግስቱ ከፋንታ ጋር ሆነን አናጢው ሐምዱ ዘንድ ይዘነው ሄድን።

ሐምዱ ወይራ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ወይራ ለዱላ እንጂ ለሰደፍ ይከብዳል፤ ዋንዛ ግን ቀላል ነው፣ ከደረቀ ወዲያም አይጣመምም አለኝ። እኔም ነገሩ ገርሞኝ ስጠይቀው ዋልሁ። ለካ እንጨትም እንደ ሥጋ ጅማት አለው። የድሮው ሰደፍ አንገቱ ላይ ጅማቱ አግድም ስለሚያልፍ የተከፈለው እዚያው ነው። ሐምዱ ጅማቱ የሰደፉን ቅርጽ እንዲከተል ከግንዱ ጎበጥ ካለው የተቆረጠ፣ ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ዋንዛ አወጣና ጆሮዬን አስጠግቶ በጣቱ አንኳኳው። እርጥቡ እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፤ ደረቁ ግን ጥርት ብሎ ይጮኻል።

ቀጥሎ ወይራና ዋንዛ ተራ በተራ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ እንዳነጣጥር አዘዘኝ። ወይራው ሠላሳ ሳልቆጥር ክንዴን አዛለው። «አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ። ለካ እርጅናዎን አስቤው አላውቅም። ወደ ፋንታ ዞሬ ስለ በቅሎዋ አጥብቄ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። ጦጣ ሊያባርሩ ሲያነጣጥሩ ክንድዎ ዝሎ፣ ጠመንጃው ድንጋይ ላይ እንደ ወደቀ ነገረኝ። አይቆጡት፤ ያስጨነቅሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቃልዎን አፍርሼ በዋንዛ አሠራሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ሐምዱ የኑግ ዘይት ደጋግሞ አጠጥቶታል፤ መልኩም ማር መስሏል። ፋንታ ይዞልዎ መጥቷልና ትከሻዎ ላይ ይሞክሩት።

ለእናቴ ለይርጋነሽ ጉልበቷን ስሜአለሁ ይበሉልኝ። አያቴ እማሆይ ወለተ ገብርኤል በጸሎታቸው አይርሱኝ። ወንድሜ ኃይለ ሚካኤል አጨዳው ሲያልቅ ብቅ ይበል። ትንሿን እኅቴን ሀብትነሽን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ።

አባቴ፣ የክንድዎን ነገር ለማንም አልተናገርሁም፣ አልናገርምም። ከእንግዲህ ግን እኔን አይደብቁኝ።

ልጅዎ ባንቺዓለም
ሞጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.