ሲሞቅ የሚከፈተው ስንጥቅ

የምወድዎትና የማከብርዎት አባባ፣

በስልክ ከተጨዋወትን ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ? ከሁሉ በላይ ያ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝዎት ነገር እንዴት አደረገዎት? እኔ እጄ ከዘይት ሳይጸዳ አለሁ።

ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ስለ ደረትዎ የተናገርኩትን ለመመለስ ነው። ዳገቱን ስወጣ ይይዘኛል፣ ቆም ስል ይለቀኛል ሲሉኝ፣ ሐኪሙ ካላገኘው የለም ማለት ነው፣ እርጅና ነው ብዬ በሳቅ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ አንስተውት አያውቁም። እህቴ ግን እርስዎ ልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ቆመው፣ ሰላምታ የሚያበዙ መስለው ትንፋሽ እንደሚሰበስቡ ነገረችኝ። ጥፋቴን ያሳየኝ መኪና ነው። እርስዎ ዕድሜዎን መሪ ይዘው የኖሩ ሰው ነዎትና ይገባዎታል።

ሽማግሌዎችን ሆስፒታል የሚያመላልስ አንድ ሹፌር አለ። ናፍጣ መኪናው ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት ያጣል፤ አጥፍቶ ቆየት ብሎ ሲያስነሳው ግን ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ እኛ ጋራዥ አመጣው። ባልደረቦቼ «አቶ አልፎ አልፎ» ብለው ስም አወጡለት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ መኪናውን የሚያመጣልን አጥቦ፣ ዕቃውን አራግፎ ነው። እኛ ደግሞ ወረፋው እስኪደርስ ግማሽ ቀን እናቆመዋለን። ከዚያ ቀዝቃዛና ባዶ መኪና ይዤ ብቻዬን ሰፈሩን አንድ ዙር እዞራለሁ፤ እንደ ወፍ ይበራል። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ማነሱን አሳይቶኝ ነበር። የቆየ ምልክት ነው ብዬ ሰረዝኩትና ወረቀቱ ላይ «ብልሽት አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩ። የሹፌሩ አለቃ ያን ወረቀት ይዞ፣ ሥራ ጠልተህ ነው ብሎ ከሹፌርነቱ አወረደው።

ባለፈው ማክሰኞ አለቃውን ለምኖ ቁልፉን ተቀብሎ ለአራተኛ ጊዜ መጣ። አልተቆጣም። «እህቴ፣ አንድ ቀን ብቻ እኔ እንደምነዳው አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ። ከኋላ የአሸዋ ከረጢቶች ጫንንና ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም። ረጅሙ ዳገት ወገብ ላይ ስንደርስ ግን፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው እየረገጠ መኪናው ዛለ። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀብን። ስንት አቅመ ደካማ ጭኖ እዚህ ቦታ እንደደረሰ አሰብኩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

እንዳታጠፋው አልኩት። ዳር ይዘን፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱርቦውን የምታዝ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች፤ በጣቴ ስከተላት ማሰሪያዋ ሥር እስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስጫናት ዝም አለች። ስትቀዘቅዝ የሚገጥም፣ ስትሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ ነበረባት። ቱቦዋን ቀይሬ በማግስቱ ያንኑ ዳገት በዚያው ሸክም ሁለት ጊዜ ወጣን፤ አልደከመም። ለአለቃው፣ ብልሽቱ ነበረ፣ ያላየሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ግን ሰውየውን ወደ ሥራው አልመለሰውም። ይህ አንጀቴን እየበላው ነው።

አባባ፣ እርስዎም ሐኪም ቤት የሚሄዱት ልክ እንደዚያ ነው። ከዋዜማው ጀምረው ያርፋሉ፤ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጠው፣ ረጋ ብለው ይገባሉ። ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሲልዎ ተመስገን ይሉታል። ታዲያ ምኑን ያግኘው? እባክዎ ይህ ሳምንት አይለፍዎት። ስንት እርምጃ ሲሄዱ እንደሚይዝዎት፣ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚለቅዎት ሳያሳንሱ ይንገሩት። ሰው እየተራመደ ልቡ የሚታይበት ምርመራ እንዳለ ይጠይቁት። ለመሞከር ብለው ግን ዳገት እንዳይወጡ፤ እርስዎ በአሸዋ ከረጢት የሚሞከሩ አይደሉም። ቆመውም አልለቅ ካለዎት ማንንም ሳይጠብቁ ወዲያው ይሂዱ።

እናቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። የክት ኮትዎን ቆልፋ ቁልፉን ትያዝልኝ፤ ሐኪም ቤት ሠርግ አይደለም። እህቴ እስከ ውስጥ አብራዎት ትግባ፣ ሲያድበሰብሱም ታርምዎት። ታናሽ ወንድሜን ናፍቄዋለሁ፤ የውሃውን ጀሪካን ከእጅዎ ይቀበል ይበሉልኝ።

እሑድ እደውላለሁ። ደህና ነኝ አይበሉኝ። አመመኝ ይበሉኝ፣ አምንዎታለሁ።

ልጅዎ
ከጋራዡ ልብስ መቀየሪያ ክፍል
ጥር 19 ቀን