የማንጠግቦሽ ሩጫ

ተስፋው ወንድሜ፣

ሰቆጣ የደረስሁት የሠራተኞች ስፖርት ውድድር በሚያልቅበት ቀን ነው። ሜዳው እንደ እናንተ ባሕር ዳር ሣር የለውም፤ ድንጋዩ የተለቀመለት ደረቅ አፈር ነው። ማንጠግቦሽ የምትባል የደሃና ወረዳ ሴት አየሁ። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ አርባ ሊሞላት ነው። በአሎሎ ውርወራም በክብደት ማንሳትም አንደኛ ወጣች፤ በገመድ ጉተታም የጎተተችለት ቡድን አሸነፈ። ለክልሉ ውድድር ግን ስሟ አልተጠራም። የኮሚቴውን ሰብሳቢ አቶ ምስጋናውን ጠየቀች።

«የቀረችን ቦታ ለአትሌት ናት። አንቺ መቼ ሮጠሽ?» አሏት።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የሣቀ ሰው ግን አልነበረም። የሦስት ሺህ ሜትር ሩጫ ሊጀመር ሲል ሄዳ ከልጃገረዶቹ ጋር ተሰለፈች። ሁለት ጊዜ ደርበዋት አለፉ።

«ማንጠግቦሽ፣ ባጃጅ እንጥራልሽ?» ይላል ተመልካቹ።

ሌሎቹ ገብተው ውኃ ሲጠጡ እሷ ብቻዋን ጨረሰችና በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ጠረጴዛ ሄደች።

«ሮጥሁ። አሁን ይጻፉኝ» አለች።

አቶ ምስጋናው ግራ ቀኛቸውን አዩና ጻፏት፤ በሦስት ሺህ ሜትር ሩጫ። ይህ አያናድድሽም ወይ አልኋት።

«እዚያ ልድረስ እንጂ አሎሎ አላጣም» አለችኝ።

ግንቦት ላይ እናንተ ዘንድ ትመጣለች። ከሁሉም ኋላ ብቻዋን የምትገባ ሴት ካየህ እሷ ናት፤ ከዚያ ወደ አሎሎው ተከተላት። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እታገኝንና ልጆቹን ሳምልኝ፣ እናትህን እንዴት ሰነበቱ በልልኝ።

ገበያው