ጉልበቱ ላይ ጥጥ ያለው ሱሪ

ድሬዳዋ፣ ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይህን ለማንም መናገር ስላልቻልኩ እዚህ እጽፈዋለሁ። ትናንት የስፖርት አስተማሪያችን ጠሩኝ። የብሔራዊው የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን እስካሁን ከሽንፈት በቀር ያስመዘገበው ነገር የለም፤ አሁን አዲስ በረኛ ይፈልጋሉ። ከድሬ አንዲት ልጅ ላኩ ተብለዋል። ከትምህርት ቤታችን ሁለት በረኞች፣ ከፋጡማና ከእኔ፣ ማን እንደምትሻል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ፋጡማ ናት።

«አባቷ ይፈቅዱላት ይሆን?» አሉኝ።

«አይፈቅዱም» አልኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። የእስላሞቹ ሰፈር የመጋላ ሰው ናቸው፣ ሐጂ ናቸው፣ ማን ይጠረጥረኛል ብዬ። አስተማሪያችን አዝነው የእኔን ስም ጻፉ።

ዛሬ በመጋላ ሳልፍ የፋጡማ አባት ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ጠሩኝ። «አልማዝ ልጄ፣ ነይ እስቲ።» ሁለት ረጃጅም ሱሪዎች አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ ጥጥ ገብቶ የተሰፋ። «በረኛ መሬት ላይ ትወድቃለች፤ እንዳትላጡ ብዬ ነው። ማንኛችሁን እንደሚመርጡ አላህ ያውቃል፣ ለሁለታችሁም ሰፋሁ። ፋጡማ ከሆነች ዋላሂ እኔው ራሴ አዲስ አበባ አደርሳታለሁ። አንቺም ከሆንሽ ያው ልጄ ነሽ።»

እዚያው እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ የእኔን ተቀብዬ ወጣሁ።

ስሜ የሚለጠፈው ሰኞ ነው። አስተማሪያችን ቤት ድረስ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ።

ሱሪውን አሁን ለካሁት። ሳይለኩኝ ነው የሰፉት። ልክክ አለ።